ሰርቨር ከመግዛታችን በፊት፦ የሚዘገይ ሪፖርት ምን እየነገረን ነው?

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን አበሾች ባለፉት ዓመታት ወደ ዳታ ሥራ በብዛት ገብተናል። ቀን ነርስ፣ ማታ የኤስኪውኤል ተማሪ የሆነች፤ ኡበር እየነዳ ቅዳሜና እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ኮርስ የጨረሰ ሰው የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ የምኖረው ጀርመንታውን ነው። ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራዬ ባብዛኛው የድርጅቶች ሪፖርት የሚቀዳበትን ዳታ ማደራጀት ነው። ሥራ የጀመሩ ልጆች በቴሌግራም ከሚልኩልኝ ጥያቄ ሁሉ አንዱ ይበዛል፦ «ሪፖርቴ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ግን አይከፈትም፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ምን ላድርግ?»

ይኸው ጥያቄ ከአዲስ አበባም ይመጣል። ባንክ፣ አስመጪ ድርጅት፣ ወይም ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ይጠይቁኛል። የሁለቱም አለቆች መልስ ተመሳሳይ ነው። እዚህ «ካፓሲቲ ጨምሩበት» ይባላል፣ እዚያ «ሰርቨር ይገዛ» ይባላል። እዚህ ቢሆን ወጪው የድርጅቱን በጀት ነክቶ ያልፋል። እዚያ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሰርቨሩም፣ የሶፍትዌር ፈቃዱም፣ የክላውዱ ወርኃዊ ኪራይም የሚከፈለው በዶላር ነው። ስለዚህ «ማሽን ግዙ» የሚለው ምክር ከኛ ከውጭ ካለነው ባለሙያዎች አፍ ሲወጣ ቀላል ምክር አይደለም።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ሪፖርት የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ስለደከመ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ መቀመጥ ያለበትን ስሌት ሚሊዮን ጊዜ ስለምናሠራው ነው። ይህን ደግሞ ገንዘብ ሳይወጣ ማስተካከል ይቻላል።

አሥር ሴኮንድ

«ትንሽ ቢዘገይ ምን አለበት? ቡና ይዞ መጠበቅ ነው» የሚል አይጠፋም። ያዕቆብ ኒልሰን የተባለው የሶፍትዌር አጠቃቀም ባለሙያ በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ ሦስት ወሰኖችን አስቀምጧል። መልስ በ0.1 ሴኮንድ ከመጣ ሰው ወዲያው እንደመጣ ይቆጥረዋል፤ እስከ 1 ሴኮንድ ድረስ የሐሳቡ ክር አይበጠስም፤ ከ10 ሴኮንድ ካለፈ ግን ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል።

ይህ በቢሮ ምን ማለት እንደሆነ አይቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ የሽያጭ ሪፖርት ከፍቶ የጥርን ቁጥር ያያል። ዝቅ ብሏል። «የትኛው ቅርንጫፍ ነው?» ብሎ ይጫናል። በሁለት ሴኮንድ ከመጣለት ቀጥሎ «የትኛው ዕቃ?» ይላል፣ ከዚያም «አምና በዚህ ጊዜስ?» ይላል። አንድ ደቂቃ ካስጠበቀው ግን ሁለተኛውን ጥያቄ አይጠይቅም። ስልኩን አንስቶ «እስቲ በኤክሴል ላክልኝ» ይላል። የተላከለት ኤክሴል ደግሞ በነጋታው አሮጌ ነው፤ ሦስት ሰው እጅ ላይ ሦስት ዓይነት ቁጥር ይዞ ይዞራል። የዘገየ ሪፖርት ትልቁ ጉዳት የሚጠፋው ደቂቃ አይደለም፤ ሳይጠየቁ የሚቀሩት ጥያቄዎች ናቸው።

ሰኔ 30ን የማያውቅ ሶፍትዌር

እኛን በቀጥታ የሚመለከተውን ምሳሌ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት (ስሙን ልተወው) የሽያጭ ሪፖርቱን በፓወር ቢአይ አሠርቶ ነበር። የሽያጭ ሲስተሙ ቀኑን የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አለቆቹ ግን ማየት የሚፈልጉት በኛ ወርና በኛ በጀት ዓመት ነው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ ማለትም ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7።

ባለሙያው ቅየራውን ፎርሙላው ውስጥ ጻፈው። ፎርሙላው በእያንዳንዱ የሽያጭ ረድፍ ላይ እየሄደ፣ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እየቀየረ፣ «ይሄ ረድፍ ጥር ውስጥ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?» እያለ ይጠይቃል። ሎጂኩ ልክ ነው፤ ቁጥሩም ልክ ይመጣል። ግን እንቁጠረው። ሠንጠረዡ 4 ሚሊዮን ረድፍ አለው እንበል። ለአንድ ወር 4 ሚሊዮን ቅየራ ነው። ለ13 ወር 52 ሚሊዮን። ከጎኑ የአምናው ወር ይቀመጥ ከተባለ ሌላ 52 ሚሊዮን፤ በድምሩ 104 ሚሊዮን። ሰው ፊልተር በነካ ቁጥር ይህ ሁሉ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን ሌላውን ቁጥር ተመልከቱ። ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ያሉት ቀኖች ስንት ናቸው? ጳጉሜ ስድስት የሆነችው በ2011 እና በ2015 ነው፤ ስለዚህ 3,652 ቀኖች ብቻ ናቸው። ሽያጩ አራት ሚሊዮንም ይሁን አርባ ሚሊዮን፣ ከነዚህ 3,652 ቀኖች ውጭ የሚወድቅ የለም።

መፍትሔው ከዚህ ይወጣል። 3,652 ረድፍ ያለው አንድ የቀን ሠንጠረዥ ይሠራል። እያንዳንዱ ረድፍ የፈረንጁን ቀን፣ የኛን ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሩብ ዓመትና በጀት ዓመት ተጽፎ ይይዛል። ይህ ሠንጠረዥ ከሽያጩ ጋር በቀን ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ፎርሙላው «ደምር» ከማለት ሌላ ሥራ የለበትም። የዚያ ድርጅት ሪፖርት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው በዚህ ለውጥ ብቻ ሁለት ሴኮንድ አካባቢ ወረደ። ሰርቨሩ ያው የድሮው ነው።

«የአምናው ተመሳሳይ ወቅት» ለሚለው ስሌትም ይኸው ሠንጠረዥ ይረዳል። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው የተለመደ ፎርሙላ ወደ ኋላ የሚሄደው በፈረንጅ ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነበር። ፎርሙላው አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሲሄድ ሴፕቴምበር 12፣ 2022 ላይ ያርፋል፤ ያ ቀን ደግሞ መስከረም 2 ነው። የአንድ ቀን ሽያጭ ካለቦታው ገባ ማለት ነው። እኔ የማደርገው ወሮቹን ሁሉ በተከታታይ ቁጥር መስጠት ነው፦ መስከረም 2008 1፣ ጥቅምት 2፣ እንዲህ እያለ ጳጉሜ 13፣ መስከረም 2009 14። የአምናውን ተመሳሳይ ወር ለማግኘት 13 መቀነስ ብቻ ነው። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር የሚደምር ድርጅት ከሆነ ደግሞ 12 ይቀነሳል። አንድ የመቀነስ ስሌት ሃምሳ መስመር ፎርሙላ ይተካል፣ ከዚያም በላይ ትክክለኛ ነው።

ዘዴው የቆየ ነው

ይህን አሠራር ለልጆቹ ሳስረዳ የምጠቀምበት ምሳሌ ባሕረ ሐሳብ ነው። የዘመን ቀመሩ ሊቃውንት የ2018 ዓ.ም.ን አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጡ እንዲህ ያሰላሉ፦ 5500 እና 2018 ሲደመር 7518። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30፤ ስሌቱ ልክ ነው።

ልብ በሉ፣ ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ነው የሚሄደው። የፈለገው ዓመት ቢጠየቅ ሊወጡ የሚችሉት መልሶች 19 ናቸው። ስለዚህ 19 ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ የጻፈ ሰው ቀሪ ዘመኑን ማባዛትና መግደፍ አያስፈልገውም፤ ማየት ብቻ ነው። በግዕዝ ብራናዎች ላይ የምናገኛቸው የዘመን ሠንጠረዦች የዚህ ሐሳብ ውጤት ናቸው፤ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የዘመን ስሌት ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አጥንቷቸዋል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ትልቅ ስም ይዞ የሚሸጠው «ቀድሞ ማስላት» ከዚህ የተለየ አይደለም።

በአገር ደረጃም በሥራ ላይ ያለ ምሳሌ አለ። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 መነሻው ደቡብ አፍሪካ፣ ማደጊያው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርም ይደግፋል። ከጤና ጣቢያ የገባ ቁጥር በቀጥታ ወደ ግራፍ አይሄድም። ሲስተሙ በተወሰነ ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ቁጥሮቹን በቦታና በጊዜ አደራጅቶ የትንተና ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ጠዋት ግራፉን የሚከፍት ባለሙያ የሚያየው ከዚያ ነው። ዋጋም አለው፦ ዛሬ ጠዋት የገባ ቁጥር እስከሚቀጥለው ዙር ላይታይ ይችላል። ግን የወር ሪፖርት ለሚያይ ሰው የአንድ ሌሊት መዘግየት ምንም አይደለም፣ የአንድ ደቂቃ መጠበቅ ግን ያሰለቻል።

አንድ ሒሳብ ሹም፣ ብዙ የመጋዘን ሠራተኛ

ወደ ፓወር ቢአይ ልመለስ፣ አብዛኞቻችሁ የምትሠሩበት እሱ ስለሆነ። ውስጡ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ፎርሙላውን አንብቦ የሚያስፈጽመው ነው፤ እሱን እንደ አንድ ሒሳብ ሹም አስቡት። ጎበዝ ነው፣ የማይችለው ስሌት የለም፣ ግን ብቻውን ነው፤ ኮምፒውተሩ 32 ኮር ቢኖረው በአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ዳታው የተቀመጠበት መጋዘን ነው። እዚያ ብዙ ሠራተኞች አሉ፤ ተካፍለው በአንድ ጊዜ ይቆጥራሉ። የሚችሉት ግን ቀላል ነገር ነው፦ መደመር፣ መቁጠር፣ ማባዛት፣ መለየት።

ጥሩ ፎርሙላ ማለት መጋዘኑ ጨርሶ አጭር መልስ ለሒሳብ ሹሙ የሚያቀብልበት ነው። መጥፎ ፎርሙላ የመጋዘን ሠራተኞቹን በየረድፉ «ጌታዬ፣ ይሄንንስ ምን ላድርገው?» እያሰኘ ሒሳብ ሹሙ በር ላይ የሚያሰልፍ ነው።

ምሳሌ፦ ከ10,000 ብር በላይ ለሆነ ሽያጭ 5 በመቶ፣ ከዚያ በታች ለሆነው 3 በመቶ ኮሚሽን ይሰላ ተባለ። አብዛኛው ሰው በየረድፉ «ከዚህ በላይ ከሆነ ይሄን፣ አለበለዚያ ያን» የሚል ይጽፋል። ሰልፉ የሚፈጠረው እዚህ ነው። በሁለት ድምር ሞክሩት፦ ከ10,000 በላይ ያሉትን ሁሉ ደምሮ በ5 በመቶ፣ የቀሩትን ሁሉ ደምሮ በ3 በመቶ ማባዛት። መልሱ ያው ነው፤ ግን መጋዘኑ ብቻውን ይጨርሰዋል። ሌላው፣ አንድ ፎርሙላ ውስጥ ሦስት ቦታ የሚጠራ ስሌት ካለ አንድ ጊዜ በቫሪያብል አስቀምጡትና ስሙን ጥሩ።

ጀርመንታውን ያለ መለማመጃ

«የምለማመድበት ትልቅ ዳታ የለኝም» ለምትሉ ደጃችሁ ላይ አለ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2012 ባወጣው የክፍት ዳታ ሕግ መሠረት ዳታሞንትጎመሪ በሚባለው ገጹ መረጃውን በነፃ ያወጣል። ከነዚህ ውስጥ የትራፊክ ጥሰት መዝገብ አንዱ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ረድፍ አለው። የፖሊስ ዲስትሪክቶቹ ውስጥ «5ኛ ዲስትሪክት፣ ጀርመንታውን» የሚለውንም ታገኙታላችሁ።

ይህን ፋይል ወደ ፓወር ቢአይ አስገቡና የፋይሉን መጠን ጻፉ። ከዚያ የማትፈልጉትን ዓምድ አጥፉ። የእያንዳንዱን ማስቆም ረጅም መለያ ኮድ ማን ሪፖርት ላይ ያየዋል? ኬክሮስና ኬንትሮስ ለየብቻ አሉ፣ እንደገና ደግሞ ሁለቱን ያጣመረ ሌላ ዓምድ አለ። መጋዘኑ እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው ነው የሚያስቀምጠው፤ ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸውን አንድ ጊዜ ጽፎ ቀሪውን በአጭር ቁጥር ያመለክታል። ስለዚህ ዓምድን የሚያከብደው የረድፉ ብዛት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያሉት የተለያዩ ዋጋዎች ብዛት ነው። ሚሊዮን ረድፍ ውስጥ የዲስትሪክት ስም ጥቂት ነው፤ ይቀላል። መለያ ኮድ ግን ብዙ ነው፤ ይከብዳል።

በዚህ መዝገብ ቀንና ሰዓት በሁለት ዓምድ ተለያይተው ነው የሚመጡት። አትቀላቅሏቸው! አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ አለው። ቀንና ሰዓት በአንድ ዓምድ ሲሆኑ በዓመት እስከ 31,536,000 የተለያየ ዋጋ ሊኖር ይችላል። ሲለያዩ ከ365 እና ከ86,400 አይበልጥም። ሰዓቱ እስከ ደቂቃ ብቻ ከበቃ 1,440 ነው። የድርጅታችሁ ሲስተም ቀላቅሎ ከሰጣችሁ መጀመሪያ የምትሠሩት መለየት ነው።

የቀረውን መዝገብ ደግሞ በመሐል አንድ የድርጊት ሠንጠረዥ፣ በዙሪያው የቀን፣ የቦታና የዓይነት ሠንጠረዦች አድርጋችሁ አደራጁት። ራልፍ ኪምባል በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ይህ የኮከብ ቅርጽ ዛሬም ከማንኛውም የፎርሙላ ብልሃት ይበልጣል።

መጀመሪያ መለካት

ከምንም ነገር በፊት ግን መለካት ያስፈልጋል። ፓወር ቢአይ ራሱ ውስጥ ፐርፎርማንስ አናላይዘር አለ፤ እያንዳንዱ ግራፍ የፈጀውን ጊዜ በሦስት ከፍሎ ያሳያል፦ ስሌቱ፣ ሥዕሉ፣ ሌላ። ስሌቱ ከበዛ ፎርሙላውን ወይም የዳታውን አደረጃጀት መርምሩ። ሥዕሉ ከበዛ ግራፉ ላይ ብዙ ነጥብ ጭናችኋል። «ሌላ» የሚለው ከበዛ ብዙውን ጊዜ ወረፋ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ሠላሳ ግራፍ ደርድራችሁ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነው። በጥልቀት ማየት ለምትፈልጉ ዳክስ ስቱዲዮ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ ሒሳብ ሹሙ ስንት ደቂቃ፣ መጋዘኑ ስንት ደቂቃ እንደፈጁ ለይቶ ይነግራችኋል።

አሁን ፎርሙላ ለኤአይ ማስጻፍ ተለምዷል፤ እኔም አስጽፋለሁ። ፎርሙላው ባብዛኛው ልክ ይሆናል። ግን ሠንጠረዣችሁ ስንት ረድፍ እንዳለው፣ ቀኑ እንዴት እንደተቀመጠ ካልነገራችሁት አያውቅም። መለኪያውን የያዘው ሰው እናንተ ናችሁ።

ማሽን የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፣ አልክድም። ዳታው በትክክል ተደራጅቶ፣ ትርፍ ዓምድ ወጥቶ፣ ፎርሙላው ተለክቶ፣ አሁንም ሚሞሪው ካልበቃ፣ ወይም ብዙ መቶ ሰው በአንድ ሰዓት የሚከፍተው ከሆነ መግዛት ነው። ነገር ግን ልኬት ሳይኖር የተገዛ ማሽን ችግሩን ለስድስት ወር ደብቆ ያቆየዋል። ዳታው ሲያድግ ያው ሽክርክሪት ተመልሶ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሁለተኛ ግዢ ነው። የጋራ ክላውድ ላይ ከሆነማ የአንድ ሰው ከባድ ፎርሙላ የጎረቤቱንም ሪፖርት ያዘገያል።

ሥራ ለምትፈልጉ፦ ኢንተርቪው ላይ «ዳሽቦርድ እሠራለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። «ይሄ ሪፖርት በ40 ሴኮንድ ይከፈት ነበር፣ ምክንያቱን ለካሁት፣ ይሄን ቀይሬ በ3 ሴኮንድ አደረስኩት» የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው። በትራፊክ መዝገቡ ሠርታችሁ ይህን ማሳየት ትችላላችሁ።

ከአገር ቤት ምክር ለምትጠየቁ ደግሞ፦ «ምን ዓይነት ሰርቨር እንግዛ?» ሲሏችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የቀን ሠንጠረዥ አላችሁ ወይ? ማንም የማያየው ዓምድ ስንት ነው? ጊዜው የሚጠፋው የት እንደሆነ ለክታችኋል ወይ? ሦስቱም ከተመለሱ በኋላ ግዢው አሁንም አስፈላጊ ከሆነ ይገዛ። እኔ እስካሁን ከጠየቅኋቸው አብዛኞቹ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ «ቆይ፣ መጀመሪያ እሱን እንይ» ብለው ሄደዋል።